ፕሮፓጋንዳና የሰው ፍርድ

ፕሮፓጋንዳ የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙ ሰው ወዲያው የሚታሰበው ሐሰት ነው። የጠላት ወሬ፥ የተፈጠረ ዜና፥ የተጋነነ ዲስኩር ነው ተብሎ ይተረጐማል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው የሰማው ነገር እውነት መሆኑን ካረጋገጠ፥ ፕሮፓጋንዳ አለመሆኑንም ያረጋገጠ ይመስለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ጐደሎ መሆኑን ማሳየት ነው። ፕሮፓጋንዳ በሐሰት ብቻ ሳይሆን በእውነትም ይሠራል፤ እንዲያውም ብርቱ የሆነው ፕሮፓጋንዳ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው እውነት ነው። እንግዲህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፤ ይኸውም ነገሩ ከምን ጋር ተሰፍቶ ቀረበልን? በፍርዳችንስ ላይ ምን ያደርጋል? የሚል ነው።

ቃሉ ሲወለድ ክፉ ስም አልነበረውም። ምንጩ የላቲን ቋንቋ ሲሆን፥ ተክልን ማራባት ወይም ማባዛት ከሚል ግሥ የወጣ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1622 የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 15ኛ የካቶሊክን እምነት በውጭ አገሮች የሚያስፋፋ ጉባኤ ሲያቋቁሙ ቃሉ በጉባኤው ስም ውስጥ ገባ። በዓለም ሁሉ ስሙ ክፉኛ የጠፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ትርጉሙ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገበሬ ዘሩን ሲዘራ መሬቱን አያስፈቅድም፤ ዘሩን አገላብጦ መርምሮ አልቀበልም የሚል መሬትም የለም። ሰው ግን መሬት አይደለም። ሰውን እንደ መሬት ቈጥሮ፥ ሳይጠይቅና ሳይመረምር እንዲያበቅል አሳብን በላዩ መዝራት፥ ዘሩ መልካምም ቢሆን ክፉ፥ ፕሮፓጋንዳ የምንለው ሥራ መሠረቱ ይህ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በአገራችን አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ጽኑ ረሃብ ሆኖ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። የጊዜው መንግሥት ነገሩን አዳፍኖ ለማለፍ ሞከረ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ግን የተሰወረው ተገለጠ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፥ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፥ ደርግ ያንኑ ፊልም እንደገና አስቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በዚህ ቅንብር የረሃብተኛው ሥዕል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተጋጥሞ ቀረበ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው እንዲወርዱ ተደረገ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። የረሃቡ መደበቅ ደግሞ ከባድ በደል ነበር፤ ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ታዲያ ፕሮፓጋንዳው ወዴት ነው? በሥዕሎቹ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም። የሚገኘው በመካከላቸው፥ አንደኛው ከሁለተኛው ጋር በተሰፋበት ቦታ ነው። ግብዣው መቼ ተደረገ? ረሃቡ ከምን መጣ? የተበደለውን ሕዝብ ለመርዳት ምን ይደረግ? ከእንግዲህስ አገሩን ማን፥ በምን ሥርዓት፥ በማን ፈቃድ ያስተዳድር? እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ክርክር የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ስፌቱ ግን ሁሉንም በአንድ ቁጣ ጠቀለላቸው። ተመልካቹ ያዘነው በእውነተኛ ነገር ነው፤ ሆኖም ኀዘኑ ገና ሳይበርድ ያልተጠየቀበትን ሌላ ፍርድ ፈረመ።

ይህ የስፌት ጥበብ የታወቀው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከ1917ቱ የሩስያ አብዮት በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የፊልም መምህር አንድ ሙከራ እንዳደረገ ይተረካል። የአንድ ተዋናይ ፊት፥ ደስታም ኀዘንም የማይነበብበት፥ በፊልም ተነሣ። ይኸው አንድ ፊት መጀመሪያ ከሾርባ ሳሕን፥ ቀጥሎ ከሬሳ ሣጥን፥ ከዚያም ከምትጫወት ሕፃን ሥዕል ጋር ተጋጠመ። ተመልካቾቹ ተዋናዩ ረሃቡን፥ ኀዘኑንና ደስታውን እንዴት አድርጎ እንደ ገለጠው እያደነቁ ተናገሩ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ስሜቱን የፈጠረው የተመልካቹ ልብ ነው፤ መንገዱን ያበጀለት ደግሞ ሥዕሎቹን ያጋጠመው እጅ ነው። የስፌቱ ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ መደምደሚያውን ሌላ ሰው አይነግረንም፤ ራሳችን የደረስንበት ስለሚመስለን አንጠራጠረውም። ሰው የሌላውን ንግግር ይመረምራል፤ የገዛ አሳቡን ግን እንደ ቤተ ሰቡ ሳይፈትሽ ያስገባዋል።

ነገሩ በፊልምና በመንግሥት ለውጥ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በገበያም አለ። የታወቀው የሥነ ልቡና ሊቅ የሲግመንድ ፍሮይድ የእኅት ልጅ ኤድዋርድ በርኔይስ በ1928 «ፕሮፓጋንዳ» የሚል መጽሐፍ በአሜሪካ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት በ1929 ለአንድ የትምባሆ ኩባንያ በመሥራት ላይ ሳለ፥ በኒው ዮርክ ከተማ በፋሲካ ቀን በሚደረገው የአደባባይ ሽርሽር ወጣት ሴቶች ሲጋራ እያጤሱ እንዲያልፉ አደረገ። በዚያ ጊዜ ሴት በአደባባይ ማጤስ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ሲጋራው የነጻነት ችቦ ተብሎ ተሰየመና ወሬው በጋዜጦች ተሠራጨ። እዚህም ላይ ስፌቱን እንመልከት። የሴቶች የእኩልነት ጥያቄ እውነተኛና የተከበረ ጥያቄ ነበር። ትምባሆ ግን ከእኩልነት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የከበረው ነገር ከሚሸጠው ነገር ጋር ተሰፋ፤ ክብሩም ወደ ሸቀጡ ተሻገረ።

የንድፍ ጥበብም ለዚሁ ሥራ ያገለግላል። በ1914 በእንግሊዝ አገር አልፍሬድ ሊት የተባለ ሠዓሊ የጦር ሚኒስትሩን የሎርድ ኪችነርን ፊት፥ ጣታቸውን ወደ ተመልካቹ ቀስረው፥ ለወታደር ምልመላ ሣለ። ዓይንና ጣት በቀጥታ ወደ ፊት ስለተሣሉ፥ ተመልካቹ በቀኝም ቢቆም በግራ የተጠራው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። የሥዕሉ አቀማመጥ ጥያቄውን ከ«ይህ ጦርነት ተገቢ ነውን?» ወደ «አንተ ፈሪ ነህን?» አዛወረው። እንዲሁም አንድን መሪ ካሜራ ከታች ወደ ላይ ቢያነሣው ግዙፍ ይመስላል፤ ከላይ ወደ ታች ቢያነሣው ያንሳል። የጥርስ ሳሙና የሚያስተዋውቀው ሰው ነጭ ካባ ቢለብስ ሐኪም ባይሆንም የሐኪም ሥልጣን ያገኛል። በውል ወረቀት ላይ ተስፋው በትልቅ ፊደል፥ ግዴታው በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። እነዚህ ሁሉ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገሩም፤ የተናገረው አቀራረባቸው ነው።

ሰው ለዚህ ሁሉ ለምን ይሸነፋል ብለን የሥነ ልቡናን ትምህርት ብንጠይቅ፥ ከሚሰጠን መልስ ሁለቱን እዚህ ላይ ማንሣት ይበቃል። የመጀመሪያው መደጋገም ነው። በ1977 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ ሦስት ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች እውነትም ሐሰትም የሆኑ ዐረፍተ ነገሮች በሁለት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹ ደጋግመው የሰሙትን ዐረፍተ ነገር፥ ሐሰትም ቢሆን፥ አዲስ ከሰሙት ይልቅ እውነት ነው ወደ ማለት አዘነበሉ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንኳ ከዚህ ዝንባሌ እንደማያመልጥ አሳየ። የለመድነው ነገር ለአእምሮ ይቀልለዋል፤ አእምሮም ቅለቱን እንደ እውነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። የተማርን ስለሆንን አንታለልም ለምንል ሁሉ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛው ከሰው ተለይቶ የመቆም ፍርሃት ነው። በ1951 ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ባሳተመው ጥናት፥ አንድ ተማሪ አስቀድመው ከተመካከሩ ሌሎች ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያመዛዝን ተጠየቀ። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ አንድ ሆነው የተሳሳተውን መልስ ሲሰጡ፥ ከተፈተኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተስማሙ። በዚያው ሥራ ሌላም የሚያጽናና ነገር ታወቀ፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ ሲሰጥ የተፈታኙ ስሕተት በጣም ቀነሰ። ፕሮፓጋንዳ የሁሉንም ድምፅ አንድ ለማስመሰል ለምን እንደሚደክም፥ አንዱን ተቃዋሚ ድምፅም ለምን ይህን ያህል እንደሚፈራ ከዚህ እንረዳለን።

የዛሬው የእጅ ስልክ እነዚህን ሁለት ድካሞቻችንን በአንድ መስተዋት ላይ ሰብስቧቸዋል። ያየነውን ነገር መልሶ መላልሶ ያሳየናል፤ በእያንዳንዱም ጽሑፍ ሥር ስንት ሺህ ሰው እንደ ወደደው በቊጥር ይገልጻል። እኛ ገና ሳናነብ የሌሎቹ ፍርድ ተጽፎ ይቆየናል። ቀዩ ነጥብ ያልታየ ነገር እንዳለ እየነገረ ይጐተጉተናል። ከሠርግ ፎቶግራፍ ቀጥሎ የግጭት ወሬ፥ ከግጭት ወሬ ቀጥሎ የሸቀጥ ማስታወቂያ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው በአብዛኛው ዓይናችንን አስሮ የሚያቆየውን ነገር የሚያስቀድም የኮምፒዩተር ስሌት ነው። በዚህ ዓይነት ቀድሞ የአንድ ሚኒስቴር ወይም የአንድ ኩባንያ ሥራ የነበረው ስፌት አሁን በየደቂቃው በኪሳችን ውስጥ ይሰፋል። ጉዳዩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ የሚወስደንን ኃይል የምንገምተው ካጠለቀን በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል። «ሰው በክርክር ብቻ አይነሣሣም። እጃችሁን ታጠቡ፥ ልጆቻችሁን አስከትቡ፥ ማንበብ ተማሩ ለማለት ሥዕልም፥ መዝሙርም፥ መደጋገምም ያስፈልጋል። ዓላማው መልካም ከሆነ በዘዴው መጠቀም ምን ነውር አለው?» ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንባብያን መካከል በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ፥ መፈክር የሚጽፉ፥ ዘመቻ የሚመሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም፤ የየዕለት ሥራቸው ጥያቄ ነው።

መልሱን ከገዛ ባህላችን ልንጀምረው እንችላለን። በቀድሞ ዘመን በዛፍ ጥላ ሥር ይደረግ የነበረው ሙግት፥ ተጠየቅና በላ ልበልሃ የሚባለው፥ ደረቅ ክርክር አልነበረም። ተሟጋቹ ኩታውን እያስተካከለ፥ ዘንጉን እየሰበቀ፥ ቃሉን ቤት እያስመታ ይናገር ነበር። የሸንጎው ልብ እንዲያዘነብልለት የማያደርገው ጥረት አልነበረም። ሆኖም ሦስት ነገሮች አይቀሩም ነበር። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የቆመለት ጉዳይ ምን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ተናግሮ እንደ ጨረሰም ሸሽቶ አይሄድም፥ ለባላጋራው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ እዚያው ይቆማል። እንግዲህ ልብን መንካት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ልብን ነክቶ ከመጠየቅ መሰወር ነው። የንግግር ጥበብ ሰሚውን ዳኛ ያደርገዋል፤ ፕሮፓጋንዳ ግን ዳኝነቱን ቀምቶ ፍርዱን ብቻ ያሸክመዋል።

የጀርመኑ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰት የሰጠው መለኪያ ከዚህ ጋር ይስማማል። የሌላውን ሰው መብት የሚነካ ሥራ፥ መመሪያው በአደባባይ ሊገለጥ የማይችል ከሆነ፥ ፍትሐዊ አይደለም ይላል። ይህን መለኪያ በያዝነው ጉዳይ ላይ እናውለው። እጅ መታጠብን የሚያስተምር ፖስተር ጀርሙን እንደ አውሬ አግዝፎ ቢሥል፥ ለገበሬው «ጀርም በዓይን ስለማይታይ ነው አግዝፈን የሣልነው» ብንለው መልእክቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። በ1929 በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ለቆመችው ሴት ግን «ይህን የነጻነት ሰልፍ ያዘጋጀው ሲጋራ ሻጩ ነው» ብንላት ነገሩ ሁሉ ወዲያው ይፈርሳል። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ቴሌቪዥን ይመለከት ለነበረው ሰውም «እነዚህን ሥዕሎች ያጋጠምናቸው ነገ ለምናደርገው ነገር ጥያቄ እንዳታነሣ ነው» ቢባል፥ ለረሃብተኛው ያለው ኀዘን ባለበት ይጸናል፤ ስፌቱ ግን ይተረተራል። እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው፤ ዘዴው ሲገለጥ የሚቆም መልእክት ትምህርት ነው፤ ዘዴው ሲገለጥ የሚወድቅ መልእክት ፕሮፓጋንዳ ነው።

ዓላማው መልካም ቢሆንስ ለሚለው ክርክር ታሪክ ራሱ የሰጠው መልስ አለ። በመስከረም ወር 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን ምሥረታ በታላቅ ድግስና ሰልፍ አከበረ። አዲስ አበባ በቅስትና በሰንደቅ ዓላማ አጌጠች። በዚያው ወራት በወሎ፥ በትግራይና በሌሎችም አውራጃዎች ከፊተኛው የባሰ ረሃብ ሕዝቡን ይፈጅ ነበር፤ በበዓሉ ሰሞን ግን ወሬው እንዳይነሣ ተደረገ። በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ከማይክል ቡርክ ዘገባ ጋር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም እንደገና ደነገጠ። ግብዣና ረሃብ ጐን ለጐን ሲሆኑ ምን ያህል እንደሚያስቈጡ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ሰዎች፥ ራሳቸው ያንኑ አደረጉ። ስለምን ይህ ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ከጉዳያችን ጋር ይገናኛል። ከዐሥር ዓመት በፊት ሕዝቡ ቁጣ ተሰጠው እንጂ መንግሥቱን የመጠየቅ መብትና ልማድ አልተሰጠውም። የተዘጋጀ ፍርድ የተቀበለ ሕዝብ፥ ፍርዱን የሰጠው ወገን ያንኑ በደል ሲደግመው፥ የሚጠይቅበት ሸንጎ አያገኝም። መልካም የተባለው ዓላማ በዘዴው ምክንያት ይህን ያህል ዋጋ አስከፈለ።

እንግዲህ በየዕለት ኑሮአችን ፕሮፓጋንዳን ለመለየት ምን ማድረግ ይገባናል? ሦስት ልማዶችን ማዳበር የሚጠቅም ይመስለኛል። አንደኛው፥ ተናጋሪውን መጠየቅ ነው፤ ይህን የሚነግረኝ ማን ነው? ስለ ምን? ወጪውንስ የከፈለው ማን ነው? ሁለተኛው፥ ስፌቱን መተርተር ነው፤ የተጋጠሙትን ሁለት ነገሮች ለያይቶ እያንዳንዱን በየራሱ ሚዛን ማስቀመጥ ይገባል። ረሃቡን በረሃብነቱ፥ ግብዣውን በግብዣነቱ፥ ነጻነትን በነጻነት፥ ሲጋራን በሲጋራነቱ መመዘን ማለት ነው። ሦስተኛው፥ ጥድፊያን መጠርጠር ነው፤ አሁኑኑ ተቈጣ፥ አሁኑኑ ግዛ፥ አሁኑኑ አስተላልፍ የሚል ነገር ሲመጣ፥ አንድ ሌሊት ማሳደር የሚያጐድለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። እውነት ቢያድር አይሻግትም።

በእነዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ይጨመርበት። ብዙ ጊዜ የምንመረምረው የማንወደው ወገን የተናገረውን ነው። የጠላታችንን ስፌት በሩቅ እናየዋለን፤ የወዳጃችንን ስፌት ግን እንደ ጥሩ ልብስ አድርገን እንለብሰዋለን። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለበት አንብበን ስንጨርስ «እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው!» የሚያሰኘን ጽሑፍ ነው።

ይህም ሲባል ሁሉን መጠራጠር ይገባል ማለት አይደለም። «ሁሉም ይዋሻል፤ እውነት የሚባል የለም» የሚል ሰው የነቃ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን እርሱም እንደ ተላላው ሰው የመፍረድን ሥራ ትቷል። ተላላው ሁሉን ስለሚያምን አይመዝንም፤ ተጠራጣሪውም ሁሉን ስለሚንቅ አይመዝንም። ለፕሮፓጋንዳ ሁለቱም ይመቹታል። መመዘን ግን አንዱን ተቀብሎ ሌላውን የመጣል ድካም አለበት፤ ሰውን ሰው የሚያሰኘውም ይህ ድካም ነው።

መምህር ለተማሪው ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው፥ መምህሩን ራሱን እንዲጠይቅ መፍቀድ ነው። «ይህን ከየት አገኙት? ሌላው ወገንስ ምን ይላል?» ብሎ የጠየቀን ተማሪ የሚያሸማቅቅ ክፍል፥ ነገ የማንንም ስፌት የሚለብስ ዜጋ ያወጣል። በመሥሪያ ቤትም አንድ ማስታወቂያ ከመሰቀሉ በፊት የሚያዘጋጀው ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ይህን የሚያየው ሰው ለምን በዚህ ቀለም፥ በዚህ ሥዕልና በዚህ ቃል እንደ ሠራሁት ፊት ለፊት ቢጠይቀኝ ሳላፍር እነግረዋለሁን? የሚነግረው ከሆነ ይስቀለው። የሚያፍርበት ከሆነ ግን ቀለሙን ሳይሆን አሳቡን ይለውጥ፤ ማስታወቂያውን የሚያነበው ሰው ዘር የሚጣልበት መሬት ሳይሆን፥ እንደ እርሱ ያለ ፈራጅ ነውና።